ደማችን በሽታን እንዴት ያውቀዋል? ስለ ነጭ የደም ሴልና ስለ ክትባት

(ለጎልማሶች በሬዲዮ ከተሰጡ የጤና ንግግሮች)



የዛሬውን ንግግራችንን እስቲ በእሾህ እንጀምር። ከእናንተ መካከል እሾህ ወግቶት የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። እንጨት ለመልቀም ወይም ከብት ለመመለስ ስትሄዱ የግራር እሾህ ጫማችሁን አልፎ ይወጋችኋል። እሾሁን ትነቅሉታላችሁ። ጫፉ ግን ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል። ማታ እግራችሁ መሞቅ ይጀምራል። በማግሥቱ ቦታው ይቀላል፤ ያብጣል፤ ይጠዘጥዛል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መግል ይቋጥራል። አንዳንድ ጊዜም ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል። የተወጋው እግር ሆኖ ሳለ ብሽሽት የሚያብጠው ለምን ይመስላችኋል?

ብዙ ሰው "ቁስሉ አመረቀዘ" ብሎ ያልፈዋል። እርግጥ ነው፤ አመርቅዟል። ነገር ግን ያ ሙቀት፣ ያ እብጠትና ያ መግል የውጊያ ምልክት ነው። እሾሁ ሲገባ በዓይን የማይታዩ ጀርሞችን ይዞ ገብቷል። እነዚህን ጀርሞች ለመግጠም ከደማችሁ ውስጥ ብዙ ተዋጊዎች ወደ ቁስሉ ተጉዘዋል። ተዋጊዎቹ ነጭ የደም ሴሎች ይባላሉ።

ሴል ማለት ምን ማለት ነው? ቤት ከብዙ ጡብ እንደሚሠራ ሰውነታችንም ከብዙ ሴል የተሠራ ነው። በመጽሐፍ ላይ "ሕዋስ" ተብሎ ተጽፎ ብታገኙትም ያው ነው። አንዱ ሴል በጣም ትንሽ ስለሆነ ያለ ማጉያ መነጽር አይታይም። ደማችንም ውኃ ብቻ አይደለም፤ በሴሎች የተሞላ ነው። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ አንዲት የደም ጠብታ ብንወስድ በውስጧ 5 ሚሊዮን ያህል ቀይ ሴሎች አሉ። ደምን ቀይ ያደረጉት እነሱ ናቸው። ሥራቸው የምንተነፍሰውን አየር ከሳንባ ተሸክመው ለሰውነት ማደል ነው። በዚያችው ጠብታ ውስጥ ነጮቹ ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ቢሆኑ ነው። ከቀዮቹ ጋር ሲወዳደሩ በጣም ጥቂት ናቸው። ሁሉም የሚወለዱት በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው።

ውጊያውን በዓይኑ አይቶ ትርጉሙን የተረዳው ኢልያ ሜችኒኮቭ የሚባል በሩሲያ ግዛት የተወለደ ሊቅ ነው። ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር 1882 ነበር። (የፈረንጅ ዓመት ስጠቅስ "በፈረንጆች" እላለሁ፤ ሌላው የእኛው አቆጣጠር ነው።) ሜችኒኮቭ ያን ጊዜ መሲና በምትባል የጣሊያን የባሕር ዳር ከተማ ነበር። የባሕር ኮከብ የሚባል እንስሳ አለ። ጫጩቱ ትንሽና እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ስለሆነ በማጉያ መነጽር ሲያዩት ሆድ ዕቃው ሁሉ ይታያል። ሜችኒኮቭ ከጽጌረዳ ላይ እሾህ ቆርጦ የዚህን እንስሳ ጫጩት ወጋው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ማለዳ ተነሥቶ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሴሎች ከየአቅጣጫው መጥተው እሾሁን ከበውታል። እሾህ ስትነቅሉ የምታዩት ነገር ይኸው ነው። ሜችኒኮቭ በዚህና ከዚህ በኋላ በሠራው ሥራ በፈረንጆች 1908 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

እንግዲህ ነጭ የደም ሴሎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሁሉንም ብንዘረዝር ጊዜ አይበቃንም። ለዛሬው ትምህርታችን ሁለት ወገን አድርገን ብናያቸው ይበቃል።

አንደኛው ወገን በላተኞቹ ናቸው። እነዚህ ጀርም ሲያገኙ ከበው ይውጡታል። በሆዳቸውም ይፈጩታል። ማንነቱን አይጠይቁም፤ ባዕድ መሆኑን ካወቁ ይበቃቸዋል። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው አጭር ነው። በልተው በልተው እዚያው ይሞታሉ። ከቁስል የምትጠርጉት መግል በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። መግል ስታዩ እንግዲህ ብዙ ወታደር የወደቀበትን ሜዳ አያችሁ ማለት ነው። መቅኔያችን በየቀኑ በብዙ ቢሊዮን የሚቆጠሩ አዳዲሶች ያወጣል። አንድ ቢሊዮን ማለት ሺህ ጊዜ ሚሊዮን ነው።

ሁለተኛው ወገን ለዪዎቹ ናቸው። እነዚህ እንደ በላተኞቹ ያገኙትን ሁሉ አይገጥሙም። እያንዳንዱ ሴል የሚያውቀው አንድ ዓይነት መልክ ብቻ ነው። አንዱ የኩፍኝን መልክ፣ ሌላው የትክትክን፣ ሌላው የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ ይለያል። ቁልፍና ጓጉንቸርን አስቡ። የጎረቤታችሁ ቁልፍ የእናንተን ጓጉንቸር አይከፍትም። እነዚህም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ ነው አንድ ክትባት ለሁሉም በሽታ የማይሆነው። "ይኼ ሁሉ መርፌ ለምን?" የሚሉ እናቶች አሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ መልሱም ይኸው ነው።

ከለዪዎቹ ገሚሶቹ ፀረ-እንግዳ አካል የሚባል ነገር ያመርታሉ። "ፀረ" ማለት ተቃዋሚ ማለት ነው። ይህ በደም ውስጥ የሚሰራጭ ረቂቅ ነገር ሲሆን በጀርሙ ላይ ተለጥፎ መግቢያ ያሳጣዋል። ለበላተኞቹም "ያውላችሁ፣ እሱ ነው" ብሎ እንደሚጠቁም ምልክት ሆኖ ያገለግላል። ገሚሶቹ ደግሞ ጀርሙ ሰርጎ የገባበትን የራሳችንን ሴል ፈልገው ይገድላሉ። ሌሎቹንም የሚቀሰቅሱና የሚያስተባብሩ አሉ። ኤች.አይ.ቪ. የሚያጠቃው በተለይ እነዚህን አስተባባሪዎች ነው። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ካልወሰደ ሌላ በሽታ የሚበረታበትም ስለዚህ ነው።

ስለ ንፍፊቱ ጠይቄያችሁ ነበር። በብሽሽት፣ በብብትና በአንገት ላይ እንደ ባቄላ ያሉ ዕጢዎች አሉን። ዕጢዎቹ የነጭ ሴሎች መሰብሰቢያ ናቸው። ከእግር ቁስል የተያዘ ጀርም ወደ ብሽሽት ዕጢ ይወሰዳል። እዚያም ለዪዎቹ ተራ በተራ ያዩታል። መልኩን የሚያውቀው ሴል ሲገኝ መራባት ይጀምራል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ ይበዛል። ዕጢው የሚያብጠው ሲጨናነቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ይህ ፍለጋና ይህ መራባት ጊዜ ይወስዳል። አዲስ በሽታ ሲገባ ለዪዎቹ በቁጥር በዝተው፣ ፀረ-እንግዳ አካልም በብዛት አምርተው እስኪነሡ ድረስ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ያልፋል። ጀርሙ ግን አይጠብቃቸውም። ልጅ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ተዋጊ አጥቶ አይደለም፤ ተዋጊው ስለዘገየበት ነው።

ሕመሙ ካለፈ በኋላ ከተራቡት ሴሎች አብዛኞቹ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ይቀራሉ። እነዚህ አስታዋሾች ናቸው። ያ ጀርም ተመልሶ ከመጣ ፍለጋው አጭር ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ይነሡበታል። ሰውየው መያዙንም ሳያውቅ ያልፋል።

እናንተ "ሀ"ን መጀመሪያ ያያችሁበትን ቀን አስታውሱ። መስመሩ ግራ አጋብቷችሁ ነበር። አስተማሪው ጠቁሞ፣ እናንተም ደጋግማችሁ ጽፋችሁ ለያችሁት። ዛሬ ይህን ገጽ ስታነቡ "ሀ" ላይ አትቆሙም፤ ዓይናችሁ ገና ሲያርፍበት ታውቁታላችሁ። የለዪዎቹ ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ይህ ትዝታ ምን ያህል ዘመን ይቆያል? ፋሮ የሚባሉ ደሴቶች በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ አሉ። የዴንማርክ ግዛት ናቸው። በፈረንጆች 1781 ኩፍኝ ገብቶባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሽታው ጠፋ። ከ65 ዓመት በኋላ፣ በ1846፣ አንድ ሰው ከመርከብ ጋር መልሶ አመጣው። በደሴቶቹ ከነበሩት 7 ሺህ 800 ያህል ነዋሪዎች ወደ 6 ሺህ የሚጠጉት ታመሙ። ፔተር ፓኑም የሚባል ወጣት ሐኪም ተልኮ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ጠየቀ። ታዲያ በልጅነታቸው፣ በ1781፣ ኩፍኝ ወጥቶላቸው የነበሩት ሽማግሌዎች አንዳቸውም እንደገና አልታመሙም። በ65 ዓመት ውስጥ ኩፍኝን አንድ ቀን እንኳ ሳያዩ ደማቸው አልረሳውም። ያን ጊዜ ሳያዩት ያረጁት ሌሎች ሽማግሌዎች ግን እንደ ልጅ ታመሙ።

ይህን ነገር የጥንት ሰዎችም በልማድ ያውቁት ነበር። ፈንጣጣ አንዴ የወጣበት ሰው ዳግመኛ እንደማይወጣበት አይተዋል። ስለዚህ ፈንጣጣ የያዘውን ሰው የሚያስታምመው ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው ነበር። በአገራችንም ሰዎች ከፈንጣጣ ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጫር በማድረግ ያስገቡ ነበር። ይህ ልማድ በትግራይ እንደነበረ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አገራችን የኖሩ ፈረንጆች ጽፈዋል። ያለ ትምህርት ቤትና ያለ ማጉያ መነጽር የተደረሰበት ጥበብ ስለሆነ ልንንቀው አይገባም። ክፋቱ ግን የተጨመረው እውነተኛው ፈንጣጣ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ቀለል ብሎላቸው ይድናሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ይሞታሉ። ከዚያም አልፎ በሽታውን ለመንደሩ ያዛምቱታል።

ይህን ችግር የፈታችው ላም ናት። እንግሊዝ አገር ኤድዋርድ ጄነር የሚባል የገጠር ሐኪም ነበር። ላሞች ጡታቸው ላይ የሚወጣባቸው ቀላል በሽታ አለ፤ የላም ፈንጣጣ ይባላል። የሚያልቡ ሴቶች እጃቸው ላይ ይወጣባቸውና ይድናሉ። እነዚህ ሴቶች "እኛን ፈንጣጣ አይዘንም" ይሉ ነበር። ጄነር አልናቃቸውም። በፈረንጆች 1796 በግንቦት ወር ከአንዲት አላቢ እጅ ላይ የላም ፈንጣጣ ውኃ ወስዶ የ8 ዓመት ልጅ ክንድ ጭሮ አስገባ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እውነተኛውን ፈንጣጣ ሲሰጠው ልጁ አልታመመም። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ በልጅ ላይ ማድረግ አይፈቀድም፤ መሆንም የለበትም። ነገር ግን ውጤቱ ዓለምን ለወጠ። ፈረንጆች ክትባቱን "ቫክሲን" የሚሉት በላቲን ቋንቋ "ቫካ" ማለት ላም ስለሆነ ነው።

የላሟ በሽታ ከሰው ፈንጣጣ ጋር በመልክ ዘመዳሞች ናቸው። ለዪዎቹ ሴሎች ዘመዱን አይተው ዋናውን ያውቃሉ። ምስጢሩ ይህ ነው። ጄነር ግን ይህን አላወቀም፤ ነጭ ሴሎች የሚሠሩትም ሥራ በእሱ ዘመን አልታወቀም ነበር።

በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋቱ ሥራ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። ከታቢዎቹ ጫፏ ሁለት መንታ የሆነች መርፌ ይዘው ገደል ወጥተው ወረዱ። በእግር፣ በበቅሎ፣ ባስፈለገም ጊዜ በሄሊኮፕተር ሄዱ። በአገራችን የመጨረሻዋ የፈንጣጣ ሕመምተኛ በባሌ የምትኖር ሕፃን ነበረች፤ ጊዜውም ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጎረቤታችን ሶማሊያ ቀረች። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. መርካ በምትባለው ከተማ አንድ ሰው ታመመ፤ ዳነም። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር ላይ መጥፋቱን አወጀ። ፊታቸው ጠባሳ የሆነ ሽማግሌ በሠፈራችሁ ካሉ ልጆቻችሁ ይዩአቸው። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ፊት አይታይምና።

እንግዲህ ክትባት ምንድን ነው? ለነጭ ሴሎች ጠላትን አስቀድሞ ማሳየት ነው። ሕመሙ ሳይመጣ መልኩን ያጠናሉ። የሚታያቸው ነገር እንደ በሽታው ይለያያል። የኩፍኙ ክትባት በሕይወት ያለ፣ ነገር ግን አቅሙ የደከመ ቫይረስ ነው። የመንጋጋ ቆልፉ ክትባት ጀርሙ የሚረጨው መርዝ ሲሆን፣ መርዝነቱ ተነሥቶ መልኩ ብቻ የቀረ ነው። ልጅ እንደተወለደ ክንዱ ላይ የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ደግሞ እንደገና ከከብት የተገኘ ነው። ካልሜትና ገሪን የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የከብት ነቀርሳ ጀርም ይዘው 13 ዓመት ሙሉ እያራቡ አደከሙት። ትዕግሥታቸው ይገርመኛል።

ይህ የነቀርሳ ክትባት ከተሰጠ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሕፃኑ ክንድ ላይ ትንሽ ቁስል ይወጣል። ትመግላለች፤ ከዚያ ደርቃ ጠባሳ ትተዋለች። እናቶች ይደነግጣሉ። እሾሁን አስታውሱ፤ ነጭ ሴሎች ሥራ ላይ ናቸው። ቁስሉ ላይ ቅቤም እበትም አትቀቡበት፤ በራሱ ጊዜ ይድናል። በ45 ቀን ከሚሰጡት መርፌዎች በኋላም አንዳንድ ልጅ ያን ሌሊት ትኩሳት ይይዘዋል። ያለቅሳል፤ የተወጋበት ጭኑ ያብጣል። ይህም በ1 ወይም በ2 ቀን ያልፋል። የኩፍኙ ክትባት ትኩሳት ግን ከመጣ የሚመጣው ከ1 ሳምንት በኋላ ነው። ልጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ጡት እምቢ ቢል ወይም ትኩሳቱ ቢጸና ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ኑ።

ስለ ትኩሳቱ አበዛሁት። ምክንያት አለኝ። ሥራ እንደጀመርኩ ሰሞን በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። ገበያ ቀን ነበርና ሰዉ ብዙ ነው። አንዲት ወጣት እናት የበኩር ልጇን በ45 ቀኑ ይዛው መጣች። ወጋሁት፤ ካርዱ ላይ ጻፍኩ፤ "ከወር በኋላ ተመለሽ" ብዬ ሸኘኋት። ሌሊት ሊያተኩሰው እንደሚችል አልነገርኳትም። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ቸኩዬ ነበር። ሌሊት ልጁ እሳት ሆነ። አማቷ "ደህናውን ልጅ መርፌ አሳመመብን" አሉ። ተመልሳ አልመጣችም። በእሳቸውም በእሷም አልፈርድም። እኔ ሳልነግራት ማን ይንገራት?

ልጁ ዓመት ሳይሞላው በሠፈሩ ኩፍኝ ገባ። ያዘው፤ ዳነ። ጎረቤት ሁሉ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አላት። ኩፍኝ ያለፈው ልጅ አደገ ይባል ነበርና ቤተሰቡ ደስ አለው። ከ3 ወር በኋላ የሳንባ ምች ያዘውና በጀርባዋ አዝላው መጣች። ደረሰች ለማለት አልችልም። ማታውን ሞተ። ያን ጊዜ እኔም እንደ ሌላው ሰው "ከኩፍኝ ተርፎ በምች ሞተ" ብዬ ሁለቱን ለይቼ አሰብኩ።

ሁለቱ ግን የተለያዩ ላይሆኑ ይችላሉ። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የኩፍኝ ቫይረስ እንደሌሎቹ አይደለም። ሰውነት ውስጥ ሲገባ በተለይ የሚያጠቃው እነዚያኑ አስታዋሾች፣ ነጭ ሴሎችን ነው። ልጁ ከዚያ በፊት የታመመውን ጉንፋን፣ ተቅማጥና ምች የሚያስታውሱት ሴሎች በብዛት ይሞታሉ። የኩፍኙ ትዝታ ይተከላል፤ የሌላው ይሰረዛል። በፈረንጆች 2019 የወጣ ጥናት አለ። ኔዘርላንድ አገር ያልተከተቡ 77 ልጆች ደማቸው ኩፍኝ ሳይዛቸውና ከያዛቸው በኋላ ተመረመረ። ከነበራቸው ፀረ-እንግዳ አካል እንደየልጁ ከ11 እስከ 73 ከመቶ የሚሆነው ጠፍቶ ተገኘ። 73 ከመቶ ማለት ከ4 ሦስቱን ያህል ማለት ነው። ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ ሰው በአንድ ሌሊት ከ"ሀ" ጀምር ሲባል አስቡት። ይህ ድካም 2 እና 3 ዓመት ሊቆይ እንደሚችል የሚያሳይም ጥናት አለ። ያ የገጠር ልጅ የሞተው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ መማል አልችልም። ነገር ግን "ከኩፍኝ ተርፏል" የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ስሰማ ደስታዬ ሙሉ አይደለም።

ክትባቱ ውስጥ ያለው ደካማ ቫይረስ ይህን ትዝታ አይሰርዝም። ኩፍኝን ያስተምራል፤ ሌላውን አይነካም። "ልጅ በተፈጥሮው ቢታመም ይጠነክራል" የሚሉ ሰዎችን ስትሰሙ ይህን ንገሯቸው።

አሁን ስለ ቀጠሮው ጥቂት ልበል። የኩፍኝ ክትባት ለምን ገና በተወለደ አይሰጥም? እናት በማኅፀን ሳለ ከራሷ ፀረ-እንግዳ አካል ለልጇ ታካፍለዋለች። ይህ ስንቅ ልጁን ለጥቂት ወራት ይጠብቀዋል። ስንቁ ሳያልቅ ብንከትበው የእናቱ ስንቅ ክትባቱን ያጠፋዋል፤ የልጁ ሴሎችም አይማሩም። ስለዚህ እስከ 9 ወር ይጠበቃል። በ9 ወር ከተከተቡ 100 ልጆች 85 ያህሉ ይማራሉ። 15ቱ ግን አይማሩም፤ እነማን እንደሆኑ በዓይን አይለይም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በ15 ወር ሁለተኛ ክትባት መሰጠት የጀመረው ለእነዚህ ነው። እርጉዝ ሴት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የምትወስደውም በዚሁ ስንቅ ምክንያት ነው። እትብት የሚቆረጥበት ምላጭ ቆሽሾ ቢገኝ እንኳ ሕፃኑ የእናቱን ስንቅ ይዞ ይወለዳል።

በ45 ቀን፣ በ10 ሳምንትና በ14 ሳምንት የሚሰጡት መርፌዎች ሦስት ጊዜ የሚደጋገሙት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ደካማም ቢሆን ሕይወት ያለው ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ጥቂት ስለሚራባ ለዪዎቹ ደህና አድርገው ያዩታል። የሞተ ጀርም ወይም የጀርም ቁራጭ ግን አይራባም። አንዴ ታይቶ ይጠፋል። ስለዚህ በመጀመሪያው መርፌ ያውቁታል፤ በሁለተኛው በርትተው ይነሡበታል፤ በሦስተኛው ትዝታው ይጸናል። በመጀመሪያው የቀረች እናት ልጇን "ሀ ሁ" አስቆጥራ ከትምህርት ቤት እንዳስቀረች ናት።

ስለ ጎረቤትም አንድ ነገር አለ። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ካሳለበት ክፍል ወጥቶ ከሄደ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት ድረስ በአየሩ ላይ ይቆያል። ካልተከተቡና ታመው ከማያውቁ 10 ሰዎች መካከል ከበሽተኛው ጋር የዋሉት 9ኙ ይያዛሉ። የመንደሩ ልጅ ከ100 ቢያንስ 95ቱ ከተከተበ ግን እሳቱ የሚይዘው ገለባ ያጣል። ያን ጊዜ 9 ወር ያልሞላው ጨቅላም ይድናል፤ በዙሪያው ያሉት አጥር ሆነውታልና።

ኩፍኝ በቤታችሁ ከገባ ደግሞ ልጁን ጨለማ ቤት አትሸሽጉት። ጡቱን አትከልክሉት፤ ውኃና ምግብ ስጡት። ወደ ጤና ጣቢያ ስታመጡት ለዓይኑ የሚበጅ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ መርፌ አይወድም የሚባለውም ልክ አይደለም።

በመጨረሻ ካርዱን አውጡ። ዛሬ ማታ ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ የልጃችሁን የክትባት ካርድ ከሣጥን አውጥታችሁ በራሳችሁ ዓይን አንብቡ። ከላይ የልጁ ስም አለ። ከሥሩ የክትባቶቹ ስምና የተሰጡበት ቀን ተጽፏል። ባዶ የሆነው ሣጥን ያልተወሰደው ነው። ቀኑ ያለፈ እንደሆነ "ቀጠሮ አሳልፌያለሁ፤ ይቆጡኛል" ብላችሁ እንዳትቀሩ። ቀድሞ የተሰጠው አይባክንም፤ ሴሎቹ አልረሱትም። ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም። ካርዱ ጠፍቶም ከሆነ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። የተከተበበትን ጊዜ በግምት ንገሯቸው፤ መዝገብ አይተው አዲስ ካርድ ይጽፉላችኋል። ባለሙያው ደግሞ እንደ እኔ ቸኩሎ ከሆነ "ሌሊት ቢያተኩሰው ምን ላድርግ?" ብላችሁ ሳትጠይቁት ከፊቱ አትነሡ።